ሱሪ ማጥበብም ትምህርት ነው



ስለ ትምህርት፣ ስለ ቴክኖሎጂና በአቅም ስለሚገኝ ፋሽን እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ሦስቱን ባንድ ንግግር እንዴት እንደማገናኛቸው ነበር። ትምህርት የሚኒስቴሩ ጉዳይ ነው ይባላል። ቴክኖሎጂ የልጆች ነው። ፋሽን ደግሞ፣ ከፊት የተቀመጡት አባቶች ፊት ላይ እንደማነበው ከሆነ፣ የሥራ ፈት ነው። ለዚህ ሰፈር ሰው ግን ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ ሲወጣ በየበረንዳው የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ መተሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የሚሠራ ሰው አለ። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ተማሪውንና ደመወዝተኛውን በአቅሙ እያለበሰ ያለው እሱ፣ ለሌላ ሰው የተሠራውን ልብስ በእኛ ልክ የሚያደርገው ልብስ ሰፊ ነው ብዬ አምናለሁ። ትምህርት ቤቶቻችን ግን አያውቁትም።

እኔ የጋርመንት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም እዚሁ ነው። ከትምህርት ስመለስ በረንዳ ላይ ከሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ እቀመጣለሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስሜን በሰው ፊት እንዳትጠሪ ስላሉኝ በዚሁ ልቀጥል።

ተማሪ ምን ይለብሳል? ሳልቫጅ ይለብሳል። ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሆኖም የሳልቫጁ እስር፣ ቦንዳው፣ በምሥራቅ በኩል እየገባ መርካቶ ይደርሳል፤ ከመርካቶም ወጥቶ አስፋልት ዳር ይዘረጋል። ከልካዩ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ቅዳሜ ከሰዓት ጎንበስ ብሎ ሲመርጥ ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሌላ አማራጭ ጠፋ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከቱርክና ከቻይና የሚመጣው አዲስ ልብስም አብሮት ወጣ። ለተማሪ በዚህ ጊዜ የሚጠቀስለት ተረት አይጠፋም፤ ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው ይባላል። ተማሪው ግን ጥብቆውም ቢሆን ልኬ ይሁን ነው የሚለው። እኔ ይህን እንደ ቅብጠት አላየውም። ልኩ ያልሆነ ሱሪ የለበሰ ልጅ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ውጣ ሲሉት አይነሳም።

ቦንዳ ውስጥ የሚመጣው ልብስ የተሠራው ለሌላ አካል ነው። ወገቡ ሰፊ፣ እግሩ ረጅም ነው። አንድ ተማሪ ወገቡ 34 የሆነ ጂንስ ይዞ ጋሼ ዘንድ መጣ፤ የእሱ ወገብ 30 ነው። አራት ኢንች መቀነስ አለበት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ከኋላ መሃል ስፌት ላይ ቆንጥጦ አራቱንም ኢንች እዚያው መውሰድ ነው። ያን ጊዜ የኋላ ኪሶቹ ይጠጋጉና ሱሪው ከኋላ ሲያዩት ያስቃል። ጋሼ እንደዚያ አያደርጉም። የቀበቶ ማስገቢያዎቹን በምላጭ ይፈታሉ፤ የወገቡን ቁራጭ ከሱሪው ይለያሉ፤ በሳሙና ስባሪ ምልክት አድርገው ከኋላ ሁለት ኢንች፣ ከቀኝና ከግራ ጎን አንዳንድ ኢንች ይወስዳሉ፤ ከዚያ ወገቡን አሳጥረው መልሰው ይገጥሙታል። ከላይ የሚታየውን በጂንሱ ወፍራም ቡናማ ክር፣ ከታች ቦቢኑን በቀጭን ክር ነው የሚሰፉት፤ ሁለቱም ወፍራም ከሆነ መኪናው ይንተባተባል። እግሩን ሲያሳጥሩ ፋብሪካው የሠራውን ጫፍ ቆርጠው ለብቻ ያስቀምጡና ርዝመቱን ካወጡ በኋላ መልሰው ይሰፉታል። በእጥበት የነጣው ጠርዝ ስለማይጠፋ ማጠሩን ማንም አያውቅበትም። ይህን ሁሉ ሲሠሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። በእግር የሚረገጥ መኪና መብራት መጣ ሄደ አይልም።

በኮሌጅ የምንማረው አዲስ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ፓተርን አስቀምጦ፣ ቆርጦ መስፋት ነው። በአቡጀዲ እንለማመዳለን፤ የተበላሸው አቡጀዲ ይጣላል። መሠረት ስለሆነ አልጠላውም። የተሰፋን ልብስ መፍታት፣ ሌላው የሠራውን አንብቦ ለምን እንዲህ እንዳደረገ መረዳት፣ ከዚያም ሳያበላሹ ማስተካከል ግን በየትኛውም ሞጁል አላገኘሁትም። ተመርቀን ስንወጣ የሚጠብቀን ሥራ ይኸው ሆኖ ሳለ!

ሌላ ልጨምር። ክሎሽ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ ላይ ክብ በመሣል ነው። የወገቡ ልክ 66 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መሃል ላይ የሚሣለው ትንሹ ክብ ሬዲየሱ ስንት ይሁን? ሒሳብ የተማረ ሰው ዙሪያውን ለሁለት ፓይ፣ ማለትም ለ6.28 ያካፍልና 10.5 ያገኛል። ጋሼ ትምህርት ያቋረጡት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። «ለስድስት አካፍዪና ግማሽ ሳንቲ ቀንሺ» አሉኝ። 66 ለስድስት 11፤ ግማሽ ሲነሳለት 10.5። ቤት ገብቼ በሌላ ልክ ሞከርኩት። ወገቡ 100 ለሆነ ሰው በእሳቸው ዘዴ ከ16 ትንሽ ያልፋል፤ በፓይ ደግሞ 16 አይሞላም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ክቡ ላይ ሲዞር ግን ቀሚሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል። በማግስቱ ይህንኑ ይዤ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ወፍራም ሰው ሲመጣስ?» አልኳቸው። ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ያኔማ ትንሽ ጨመር አድርገሽ ትቀንሻለሽ፤ የኔ ልጅ፣ ይህ ይጠየቃል?» አሉኝ። ፓይን ስማር እንዲህ ያለ ቀሚስ ቢታየኝ ኖሮ ስንት ነገር በገባኝ።

ይህን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው መጥበቁ፣ ኩረጃው መቆሙ ደግ ነው ወይ አይደለም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ የቀረው ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነ ልጅ ነው፤ እኔም የዚያ ወገን ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ስንገባ ዘመድ አዝማድ የሚያጽናናን ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ነው። ደግሞ ይህ የሚሆነው በዚህ ሰፈር ነው! የሙያ ትምህርት ቤቱ ተግባረ እድ ቅርባችን ነው፤ የባቡሩ ፌርማታ ሳይቀር በስሙ ይጠራል። የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገሪቱ ገና አቧራዋን ሳታራግፍ ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች የእጅ ሥራ ትምህርትን የወደቀ መሸሸጊያ አድርገው አላሰቡትም፤ ቀድመው ከከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ አደረጉት።

ርካሽ ጨርቅ ከውጭ መምጣቱም አዲስ ነገር አይደለም። የምንለማመድበት አቡጀዲ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች በምፅዋና በዘይላ በኩል ይገባ የነበረ ጨርቅ ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ሁሉንም አልፎ ገበያውን ያዘ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። ጃፓን ጨርቅ ልካልን ገንዘባችንን ከመውሰዷ በፊት ያደረገችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1872፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አጠቃላይ የትምህርት ሕጓን አወጣች፤ ቶሚዮካ በተባለ ቦታም የሐር መፍተያ ፋብሪካ ከፈተች። እዚያ ከፈረንሳይ ባለሙያዎች ሥራውን የተማሩት ወጣት ሴቶች ወደየአገራቸው ተመልሰው ሌሎችን አስተማሩ። ፋብሪካው የሐር ክር ከማውጣቱ እኩል አስተማሪ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ነገሩን ከሥሩ አይተውታል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ያገኘውን፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ከሠራው ጋር እየለወጠ እንደሚደኸይ አስረድተዋል። ቦንዳ ሲፈታ ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ዛሬማ የሚመጣልን ለብሰው የጣሉት ነው።

ፋብሪካ አልከፈትንም ወይ? ከፍተናል። ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ የጨርቅ ፋብሪካ ያየ ትውልድ እዚህ ተቀምጧል። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። ልብሱ ግን የተሰፋው ለእኛ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሏ፣ ስታስወጣን ገበያው ተናጋ። ለውጭ ሰው ርካሽ ልብስ የሰፋችው ልጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሳልቫጅ ትመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የራና ፕላዛ ሕንጻ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው መሞቱንም ያየነው ነው። ርካሽ የሚባል ልብስ ሁሉ ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለው።

እዚህ ላይ አባቶች የሚያስታውሱትን አንድ ነገር ላንሳ። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ተቃወሙት። በእንግዶች ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። የተማሪዎቹ ክስ ትርኢቱ የውጭ ቅንጦት ዕቃ ገበያ ማስፊያ ነው የሚል ነበር። እንደ ፋሽን ተማሪ ስለዚያ ቀን ብዙ አስቤያለሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ማን ይሸጣል፣ ማን ይገዛል፣ ድሃው ገበሬ የት አለ ማለታቸው ዛሬም ያስኬዳል። የተወረወረው እንቁላል ግን ያረፈው በነጋዴው ላይ አልነበረም። ቀሚሷ አጠረ በተባለችው ልጅ ላይ ነው ቁጣው የወረደው። ያ ትውልድ ራሱ ሱሪና ሸሚዝ የለበሰ፣ ኮቱን ያሰፋ ትውልድ ነበር፤ የወንዱ ኮት ዘመናዊነት ሲባል የሴቷ ቀሚስ ባዕድ ተባለ። ይህ ልማድ ገና አልለቀቀንም። አሁንም ስለ ፋሽን ክርክር ሲነሳ የሚለካው የሴት ልጅ ጉልበት ነው፤ ስለ ልብስ ሰፊው ኑሮ የሚያነሳ የለም።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ቲክቶክ ላይ ያየችውን ቀሚስ ፎቶ አንስታ «ጋሼ፣ እንደዚህ አድርገው ይስሩልኝ» የምትል ልጅ በቀን ሳትመጣ አትቀርም። ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ስልኩን ይቀበላሉ፤ ሥዕሉን በሁለት ጣት ያሰፉና ስፌቱን ይቆጥራሉ። እዚህ ጋ ተቆርጧል፣ እዚህ ጋ ተሰብስቧል፣ ዚፑ ከጎን ነው ይላሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ጨርቁ ይለጠጣል?» ልጅቷ አታውቅም። ስልኩም አያውቅም። ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ ቀሚስ በማይለጠጥ ጨርቅ ሲሰፋ አንገት ላይ አያልፍም። ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውም ያው ነው። «ሳይዝ ኤም» ይላል፤ የማን ኤም እንደሆነ አይታወቅም፤ ሲመጣ ልክ አይሆንም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይባላል፤ ከዚያ ወዴት ይወሰዳል? ወደ በረንዳው። አሁን ከጋሼ ደንበኛ ብዙው ቦንዳ ገዝቶ የመጣው ብቻ አይደለም፤ በስልክ ገዝቶ ያልሆነለትም ነው።

ስልክን ለመውቀስ አልመጣሁም። የማይታይ ዚፕ መግጠም የተማርኩት በቪዲዮ ነው፤ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ የሴትየዋን እጅ ብቻ እያየሁ። ቋንቋዋ አይገባኝም ነበር፤ እጇ ግን ግልጽ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ጋሼ ስልክ ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው መኪናው ሥር ለጥፈዋል፤ ዝርዝር የለኝም የሚል ደንበኛ ምክንያት አጥቷል። በዚያው በኩል አነስተኛ ብድር መውሰድም ይቻላል፤ ለክርና ለዚፕ ይበቃል፤ ጠርዝ የሚዘመዝመውን ኦቨርሎክ መኪና ለመግዛት ግን አይደርስም። የስፌት መኪናም መጀመሪያ ተፈርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1831 ፓሪስ ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ያሳጣናል ብለው ቲሞኒዬ የተባለ ሰው የወታደር ልብስ የሚያሰፋባቸውን መኪናዎች ሰባብረዋል። እነሲንጀር በኋላ መኪናውን በየወሩ እየተከፈለ መሸጥ ሲጀምሩ ግን ያ የተፈራው መኪና የድሃ እንጀራ ሆነ። ለውጡን ያመጣው የአከፋፈሉ መንገድ ጭምር ነው። ኮዲንግ ለአምስት ሚሊዮን ሰው እናስተምራለን ተብሎ በ2016 ዓ.ም. ዘመቻ ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ። ግን ለልብስ ሰፊው በየወሩ እየከፈለ ኦቨርሎክ የሚያገኝበትን መንገድ የሚያስብ ሰው ቢኖር እሱንም ቴክኖሎጂ እለዋለሁ።

የጋሼን ዓመት ካያችሁ የከተማውን ዓመት ታያላችሁ። መስከረም የደንብ ልብስ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነጻ ያድላል፤ ለብዙ እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ልጅ ግን እንደ ልብስ በቁጥር አይሠራምና እጅጌ የሚያሳጥር፣ ወገብ የሚያስጠብብ ይሰለፋል። ነሐሴ 24፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ሰፈሩ ነጭ በነጭ ሲሆን የነጠላ ጠርዝ የሚያስዘመዝሙ እናቶች አስቀድመው ይመጣሉ። ሰንጋ ተራ የባንክ ሰፈር ከሆነ ወዲህ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ የኮት እጅጌ የሚያስተካክሉ የባንክ ሠራተኞች መጥተዋል። ይኸው ሥራ ሌላ አገር ክብር አለው። አክራ ውስጥ ካንታማንቶ የሚባል ትልቅ የልባሽ ልብስ ገበያ አለ፤ እዚያ የተጣለውን ልብስ ፈትተው አዲስ ሞድ የሚያወጡ ወጣቶች በዓለም ይታወቃሉ፤ ንድፍ አውጪ ይባላሉ። የእኛዎቹ ያንኑ ሥራ ሠርተው አጥባቢ ይባላሉ።

ሦስት ነገር ልማጸን። መጀመሪያ አስተማሪዎቼን፦ የትብብር ሥልጠና ሲመጣ ወደ ትልልቅ ድርጅት ብቻ አትላኩን፤ በረንዳውም ድርጅት ነው፤ አንድ ወር ጋሼ ዘንድ የተቀመጠች ሠልጣኝ የምትማረውን እኔ አውቃለሁ። ቀጥሎ ወላጆችን፦ ልጃችሁ ሙያ ልማር ሲል ፊታችሁን አታጥቁሩበት፤ ሴት ልጃችሁ ስትል ደግሞ መቀስ ግዙላት። ሦስተኛው ለሁላችሁም ነው። በየሰፈራችሁ የምታውቋቸውን ልብስ ሰፊዎች ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና እንዲፈተኑ ንገሯቸው፤ ፊደል የሚያስቸግራቸው ከሆነ ቅጹን ቁጭ ብላችሁ ሙሉላቸው። ወረቀቱን ከያዙ ተማሪ ተቀብሎ ለማሠልጠንም፣ ማኅበር አቋቁሞ መኪና ለመበደርም በር ይከፈታል። የብቃት ምዘናው በኮሌጅ ለተማረው ብቻ ሳይሆን ሙያውን በልምድ ላገኘውም ክፍት ነው። ጋሼ እስካሁን አልተመዘገቡም፤ ከዚህ እንደወጣሁ ቅጹን ይዤላቸው እሄዳለሁ።